መዝገብ ቤት፣ አራት ሰዓት ተኩል

መስኮት ቁጥር አራት፣ «ዝግ ነው» ብዬ ትቼ፣
የሰው ብር ቆልፌ፣ ማኅተሜን ዘግቼ፣
ሦስት ፎቅ ወጣሁ፣ እጄን አጣጥፌ ደረቴ ላይ፣
ሸሚዜ መራሱን ወረፋ የቆመው ደንበኛ እንዳያይ።
ሰዓት አላየሁም። ደረቴ ነው የነገረኝ፤
ጎተራ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ አንድ ትንሽ አፍ ሲከፈት ተሰማኝ።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ጌጡ ናቸው፣
ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር የቀራቸው።
ምንም አልጠየቁኝ በመጀመሪያው ቀን፤
ወንበር ወለወሉ፣ በካርቶን ሸፈኑ መስኮቱን፣
ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።
ሰው ሲመጣ ያስላሉ።
«ኦዲት ላይ ናቸው» ይላሉ።

እኔ ውስጥ ነኝ፣ በአቧራና በወረቀት መሀል፤
የሞቱ ሰዎች ሂሳብ ከጀርባዬ ተደርድሯል፤
ሃያ ዓመት ያልተነኩ ደብተሮች፣ ባለቤት ያጡ ፊርማዎች፣
ጉልበቴ ላይ የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች።
ወተቱ እንዲመጣ ስልኬን ከፍቼ ፎቶዋን አያለሁ፤
ፎቶዋ ካልበቃ፣ የቀዳሁትን ልቅሶዋን እከፍታለሁ፤
ማስተዋል፣ አምስት ወሯ፣
በመዝገብ መሀል ታለቅሳለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጌ።

«ሮጠን ሮጠን ጠብ የሚል የለም» ይላል አሸብር ወሩ ሲያልቅ።
እዚህ ግን ጠብ ይላል።
ጠብ።
ከዚያ እንደ ክር ይቀጥናል፣ እንዳይበጠስ ትንፋሼን እይዛለሁ፤
የሰው ሚሊዮን ስቆጥር እንኳ እንዲህ አልጠነቀቅም፣ አውቃለሁ።

ጠርሙሱን በሻይ ክፍሉ ፍሪጅ፣ ከሥራ አስኪያጁ ምሳ ጎን አኖራለሁ፤
«የኦዲት ናሙና፤ አይነካ» ብዬ ጽፌበታለሁ።
ባለፈው ሰኞ ወይኒቱ፣ ሻይ የምታፈላዋ፣ ወተት አልቆባት
ለብድር ክፍሉ ኃላፊ ማኪያቶ ላይ ልትጨምረው ስትል ደረስኩባት።
ደንግጠን ቆምን። ከዚያ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።
«እኔም አለኝ» አለች ሳቁ ሲያልፍላት፣ «ደብረ ሲና፣ እናቴ ጋር፣ አራት ዓመቱ፤
ከአርባ ቀኑ በኋላ አላጠባሁትም» አለችና
ስኒዋን ማጠብ ቀጠለች።

ማታ፣ ስታዲየም ጥግ፣ «ሳሪስ በጎተራ!» ይላል ረዳቱ፤
ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን፣ ዝናቡ በመስኮቱ፣
ጠርሙሱን እንደ እንቁላል አቅፌ።
ደረጃውን ስወጣ በእርምጃዬ ታውቀኛለች፤
ዘርፌ በማንኪያ፣ በዘፈን፣ በልመና ስትታገላት፣
ቀኑን ሙሉ የራሴን ወተት በምላሷ ስትገፋ ውላለች፤
ጠርሙስ አትፈልግም፤ እኔን ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ትወስደኛለች።

ናትናኤል የቤት ሥራውን ይዞ ይጠጋል፤
«እማ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ?» ይላል።
«አንተማ ትነክስ ነበር።» ይኮራል።
አሸብር ሽንኩርት እየከተፈ በክርኑ ዓይኑን ይጠርጋል፤
«ሽንኩርቱ ነው» ይላል፣
ማንም ሳይጠይቀው።

ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ መብራት የለም፤
ከታች የዘበኛው ሬዲዮ ብቻ ያጉረመርማል።
የቀኑን ሂሳብ አሁን ታወራርዳለች፣
የቀረባትን ሁሉ፣ ከነወለዱ ትጠይቃለች።
«ወለድ» የሚለውን ቃል ዘጠኝ ዓመት፣ በቀን መቶ ጊዜ ጽፌ፣
የመውለድ ዘመድ መሆኑን ያስተዋልኩት አሁን ነው፣ እሷን አቅፌ፣
ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ፣ አንገቴ ተጣሞ።
ለማን ልንገረው? ሁሉም ተኝቷል።

ስምንት ወር። በጣቴ ቆጠርኩት በጨለማ፤
አቶ ጌጡ ሲሰናበቱ ዓመት ከአንድ ወር ይሆናታል፤
ያኔ በእግሯ ትቆም ይሆናል፣ ጥርስም ታወጣ ይሆናል፣
እኔም ወይ ደርቄ፣ ወይ ለምዶብኝ፣ ያንኑ ደረጃ እወጣለሁ፤
ግን በሩ ላይ
የሚያስል ማን ይሆን?